የቦታ ዋጋ፦ መቶ አምስትን 1005 ብሎ ለሚጽፍ ልጅ

አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ «መቶ አምስት ጻፍ» ሲባል 1005 ብሎ ቢጽፍ ወላጅ ግድየለሽነት ይመስለዋል። ልጁ ግን የሰማውን ነው የጻፈው፤ መጀመሪያ መቶ፣ ቀጥሎ አምስት። ገና ያልገባው የአጻጻፉ ሕግ ነው። ሕጉ በሂሳብ ትምህርት «የቦታ ዋጋ» ይባላል። አንድ አሃዝ ስንት እንደሚያወጣ የሚወስነው የተቀመጠበት ቤት ነው ማለት ነው። በ555 ውስጥ ሦስቱ አምስቶች መልካቸው አንድ ነው፤ የቀኙ በአንድ ቤት ስላለ አምስት፣ የመሐሉ በአስር ቤት ስላለ ሃምሳ፣ የግራው በመቶ ቤት ስላለ አምስት መቶ ያወጣል።

ይህን ለማሳየት መርካቶ እህል በረንዳ ምቹ ነው። ጤፉ በኩንታል ይሸጣል፤ ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው። ትራፊው በኪሎ ይመዘናል። ሦስት ኩንታል ከአምስት ኪሎ የገዛ ሰው በኪሎ ሲጽፈው 3 መቶ ቤት፣ 5 አንድ ቤት ይገባል። በአስር የሚቆጠር ትራፊ ስለሌለ የመሐሉ ቤት ባዶ ነው። ዜሮ ገብቶ ቤቱን ካልያዘ ሁለቱ ተጠጋግተው 35 ይሆናሉ፤ 270 ኪሎ ጤፍ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። ዜሮን «ምንም» ብሎ ብቻ ማስተማር የማይበቃው ለዚህ ነው።

የግዕዝ አኃዝ መንገዱ ሌላ ነው። ለመቶ የራሱ ምልክት ስላለው መቶ አምስት ፻፭ ተብሎ ይጻፋል፤ ዜሮ የለውም፣ አያስፈልገውምም። 1005 የጻፈው ልጅ አካሄድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከመገሠጹ በፊት እንዴት እንዳሰበው ቢጠየቅ መልካም ነው።

ቋንቋችንም የሚረዳበትና የሚሰውርበት አለ። «አስራ አንድ» አስርና አንድ መሆኑን ራሱ ይናገራል። «ሃያ» ውስጥ ግን ሁለት አይሰማም። የቻይና ልጅ «ሁለት አስር» እያለ ነው የሚቆጥረው። የእኛም ልጆች መጀመሪያ ላይ ሃያ ሦስትን «ሁለት አስር ከሦስት» እያሉ ጭምር ቢቆጥሩ ይጠቅማቸዋል።

የቦታ ዋጋን ሲያስተምሩ በብር መጀመር የሚመርጡ አሉ፤ እኔ ሽምብራ ይቅደም እላለሁ። አስር ፍሬ በትንሽ ፌስታል፣ አስር ፌስታል በአንድ ከረጢት ይታሰር። የአስር ብር ኖት ቢቀደድ ከውስጡ አስር አንድ ብሮች አይወጡም፤ ፌስታሉ ሲፈታ ግን አስሩ ፍሬ ይታያል።

ጥቅሙ መቀነስ ላይ ይጎላል። ከ305 ላይ 8 ሲቀነስ በአንድ ቤት ያሉት አምስት ፍሬዎች አይበቁም፤ አስር ቤት ደግሞ ባዶ ነው። በየክፍሉ «ተበድሬ» ይባላል፤ ግን የሚመለስ ብድር ስለሌለ «ፈታሁ» ቢባል ይሻላል። ልጁ አንዱን ከረጢት ይፈታል፣ አስር ፌስታል ያገኛል፤ ከእነሱ አንዱን ይፈታል። አሁን በእጁ 2 ከረጢት፣ 9 ፌስታልና 15 ፍሬ አለ። ስምንቱን ሲያነሳ 297 ይቀራል።