በ11 ሰዓት የተቀጠሩት፦ ከናይሮቢ መሃል ዘመንን ስለ መዋጀት

ቀትር ሲያልፍ የናይሮቢ መሃል ከተማ መልኩ ይለወጣል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤት በሮች ይከፈታሉ፤ የባንክ ሠራተኛው፣ ጸሐፊው፣ የሱቅ ሻጩ ሁሉ ወደ ጎዳናው ይፈስሳል። አንዱ ምሳውን ይበላል፤ ሌላው ምሳውን ትቶ ሊጸልይ ይሄዳል። በቅድስት ቤተሰብ ባዚሊካ ቅዳሴ ይደረጋል። ነጋዴው አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሕዝብ በሰጡት መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ሰባኪዎች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍ አድርገው ይጮኻሉ፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያዳምጣል። 8 ሰዓት ሲቃረብ ሁሉም ወደ ሥራው ይበተናል። ኬንያውያን ይህን ጊዜ በስዋሂሊ ከ«ሳአ ሳባ» እስከ «ሳአ ናኔ» ይሉታል።

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ እዚህ ሰዓቱን ማስላት አያስፈልገውም። ስዋሂሊ «ሳአ»ንም «ሳባ»ንም ከዐረብኛ ስለ ወሰደ ቃላቱ ለአማርኛ ጆሮ የሰዓትና የሰባት ዘመዶች ናቸው። ከቃሉ የሚበልጠው ግን አቆጣጠሩ ነው፤ ሁለቱም ሕዝቦች ቀኑን መቁጠር የሚጀምሩት ከንጋት ነው። ወንጌላውያኑም የጻፉት በዚሁ አቆጣጠር ነው። ጌታ በተሰቀለበት ዕለት ጨለማ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሆነ የሚለውን ንባብ የአማርኛም የስዋሂሊም አንባቢ በየቀኑ ከሚናገረው ሰዓት ጋር ያገናኘዋል። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን የግርጌ ማስታወሻ ያሻዋል።

ይህ ቅርበት በተለይ በማቴዎስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ ላይ ዋጋ አለው። የወይኑ ባለቤት ሠራተኛ ፍለጋ በማለዳ ይወጣል፤ ደግሞም በ3፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት የተቀጠሩት፣ ከንጋት ጀምሮ ሐሩሩን ከተሸከሙት ጋር እኩል ደመወዝ ይቀበላሉ። የአማርኛ ተናጋሪ 11 ሰዓት ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚያስብበት ሰዓት ነው።

የምሳሌው ገበያ በናይሮቢ ዛሬም አለ። የቀን ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች በማለዳ በእግራቸው ወደ ኢንዱስትሪ ሰፈር ይጎርፋሉ፤ በፋብሪካ በር ላይ ቆመው መጠራትን ይጠብቃሉ። ሥራቸው «ኪባሩዋ» ይባላል፤ ቃሉ በመነሻው ትንሽ ደብዳቤ ማለት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የቀን ሠራተኛ የሠራቸው ቀናት በካርድ ይመዘገቡለት ስለነበር የካርዱ ስም የሥራው ስም ሆኖ ቀረ። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በሜይ 1899 ረግረጋማው ሜዳ ላይ ሲደርስ ተቆረቆረች። ጊዜም እንደ ዕቃ ተቆርጦ የሚሸጥ ነገር ሆኖ ከሐዲዱና ከካርዱ ጋር አብሮ ገባ።

ይህንን አዲስ ጊዜ ከአሮጌው ጋር በጥልቀት ያነጻጸሩት እ.ኤ.አ. በ1931 በካምባ ምድር የተወለዱት የአንግሊካን ቄስና የነገረ መለኮት ሊቅ ጆን ምቢቲ ናቸው። በ1969 በታተመው «የአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና» በተባለው መጽሐፋቸው ሁለት የስዋሂሊ ቃላትን ተጠቀሙ፤ «ሳሳ» አሁንንና ቅርቡን፣ «ዛማኒ» ጥልቁን ያለፈ ዘመን ያመለክታል። በእርሳቸው ትንታኔ በባህላዊው አስተሳሰብ ጊዜ ማለት የክንውኖች ድርድር ነው፤ ምንም ያልተከናወነበት ጊዜ ገና ጊዜ አልሆነም። ስለዚህ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠውን አፍሪካዊ አይቶ ጊዜ ያባክናል ያለው የውጭ ሰው ተሳስቷል፤ ተቀማጩ ጊዜን እየጠበቀ ወይም እየፈጠረ ነው።

ምቢቲ ባህላዊው አፍሪካዊ ሩቅ የሚባል የወደፊት ጊዜ የለውም ማለታቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የጋናው ፈላስፋ ክዋሜ ጄኬ ናቸው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ለልጅ ልጁ ዛፍ የሚተክል ገበሬ ነገን አያውቅም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የትንታኔው አስኳል፣ ማለትም ጊዜ ባዶ ዕቃ ሳይሆን በሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ነው የሚለው ሐሳብ፣ ከሐዋርያው ጳውሎስ አነጋገር ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገናኛል።

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ዘመን ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ግስ «አጎራ» ከሚለው ቃል፣ ማለትም ከገበያ፣ የወጣ ነው፤ ከገበያ ገዝቶ ማውጣት ማለት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መዋጀት» ብሎ ተረጎመው፤ ውብ ምርጫ ነው። መዋጀት በአማርኛ ምእመን ጆሮ ከቤዛ ጋር የተያያዘ ነው፤ የተያዘን ሰው ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ። ሐዋርያው ምክንያቱን የሚሰጠው ከቀኖቹ ክፋት ነው፤ ሰዓቱን አጣብቦ ስለ መሙላት አይናገርም። በየስብከቱና በየሥልጠናው ቃሉን ወደ ዕለታዊ የሥራ ዝርዝር ማውረድ እጅግ ያሳንሰዋል።

እንዲህ ማለት ግን ለ«ሐበሻ ቀጠሮ» ፈቃድ መስጠት አይደለም። ኬንያውያንም «የአፍሪካ ሰዓት» እያሉ ማርፈዳቸውን በአህጉር ያላክካሉ። ጊዜ በሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ከሆነ፣ የምሳ ሰዓቱን መሥዋዕት አድርጎ የመጣን ምእመን ግማሽ ሰዓት ማስጠበቅ የእርሱን ድርሻ መውሰድ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የቀኑንና የሌሊቱን ጸሎት በሰዓታት የደለደሉት ለሰዓት ክብር ስለነበራቸው ነው።

ያም ሆኖ መዋጀት በናይሮቢ መሃል ከተማ ሙሉ ትርጉሙን ያገኘው ሰዓት በማይቆጥር ድርጊት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች፣ ከአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ከዋንጋሪ ማታይ ጋር ሆነው፣ ልጆቻቸው እንዲፈቱ በኡሁሩ መናፈሻ የረሃብ አድማ ጀመሩ። ከቀናት በኋላ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው፤ ማታይ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ፤ አንዳንዶቹ እናቶች ልብሳቸውን አውልቀው ፖሊሶቹን ረገሙ። የተበተኑት ሴቶች በመናፈሻው አጠገብ ወዳለው የአንግሊካን ካቴድራል፣ ወደ ቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ተጠጉ። ከመሬት በታች ባለው ክፍል ተቀመጡ፤ አንድ ዓመት ያህልም በዚያ ቆዩ።

በሥራ ሰዓት መለኪያ ከታየ ያ ዓመት ባዶ ነው፤ አልታረሰበትም፣ አልተነገደበትም። ከላይ ምሳ ሰዓት ጠብቆ የሚገባው ምእመን ጸልዮ ይወጣል፤ ከታች እናቶቹ እንደ ተቀመጡ ናቸው። ከገበያ ገዝቶ ማውጣት የሚለው ቃል ግን ለእነርሱ በቀጥታ ይሠራል፤ የልጆቻቸው ዓመታት በእስር ቤት ተይዘው ነበር፣ እናቶቹም ማስለቀቂያውን በራሳቸው ዓመት ከፈሉ። አብዛኞቹ እስረኞች በ1993 መጀመሪያ ላይ ተፈቱ፤ እናቶቹም ካቴድራሉን ያኔ ለቀቁ።