አሳማው በእልፍኝ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 22 ቀን 1926 ባነበቡት ፍርድ ውስጥ አንዲት ምሳሌ ትገኛለች። መልካም የሆነ ነገር እንኳ ቦታውን ሲስት ጎጂ ይሆናል፤ ልክ አሳማ በረቱን ትቶ እልፍኝ እንደ ገባ፤ ይላሉ በግርድፉ። የሕግ ሰነድ ሳነብ ፈገግ የምለው ከስንት አንዴ ነው። አሳማውን በአህያ ብንለውጠው፣ ምሳሌዋን ያገራችን ባልቴት ተናገሩት ቢባል ማን ይጠራጠራል? ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች «ከመኖሪያ ሰፈራችን መካከል የገበያ ማዕከል አይሠራብን» ብለው ፊርማ የሚያሰባስቡ ጎረቤቶች፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ የቆሙት በዚህ ፍርድ ላይ ነው።

ነገሩ የተነሣው በኦሃዮ ግዛት፣ ከክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ዩክሊድ በተባለች መንደር ነው። የክሊቭላንድ ፋብሪካዎች የባቡር ሐዲዱን ተከትለው ወደ መንደሪቱ እየገፉ ይመጡ ነበር። የመንደሪቱ ምክር ቤት በ1922 ደንብ አወጣና መሬቱን እንደ አገልግሎቱ በስድስት ደረጃ ከፋፈለው፤ እዚህ መኖሪያ ብቻ፣ እዚያ ሱቅ፣ ወዲያ ደግሞ ፋብሪካ። አምብለር የተባለ መሬት ሻጭ ኩባንያ በዚያ 68 ኤከር መሬት ነበረውና ከሰሰ። ለፋብሪካ ቢውል ኤከሩ 10,000 ዶላር የሚያወጣ መሬት ለመኖሪያ ብቻ ከተባለ ከ2,500 ዶላር አይዘልም አለ። በዋናው ጎዳና ዳር ያለው ደግሞ ገደብ ባይኖርበት ለአንድ ጫማ ፊት እስከ 150 ዶላር ሲያወጣ፣ በገደቡ ምክንያት ወደ 50 ዶላር ይወርዳል። የሰፈር ጸጥታ እንዲህ በጫማ ተለክቶ ዋጋ ሲወጣለት ከዚህ ሌላ አላየሁም።

ለኩባንያው የተሟገቱት ኒውተን ቤከር ናቸው፤ አስቀድሞ የክሊቭላንድ ከንቲባ፣ ኋላም በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበሩ ታላቅ ሰው። በታችኛው ፍርድ ቤት ረቱ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ስድስት ዳኞች ለመንደሪቱ፣ ሦስቱ ለኩባንያው ሆኑና ደንቡ ጸና።

የፋብሪካውን ጭስ ማንም ዳኛ ይረዳዋል። ጭንቁ ያለው ሱቁ ላይ ነበር። ሱቅ ምን አጠፋና ከመኖሪያ ሰፈር ይባረራል? ሰዘርላንድ መልሱን ከሉዊዚያና ፍርድ ቤት ተዋሱ። የዚያ ፍርድ ቤት የክስ ዝርዝር ረጅም ነው፤ መደብር ይጮኻል፣ በሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፣ አንዳንዱ ይሸታል፣ አንዳንዱ ለዓይን ያስጠላል፣ አይጥና በረሮ፣ ዝንብና ጉንዳን ያራባል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህን ዝርዝር ሳይከራከሩ ማለፍ ይከብዳል። ለእኛ ሱቅ ማለት በአጥር ላይ የተከፈተች መስኮት ናት፤ ሕፃን ሳንቲም ጨብጦ ስኳርና ሻማ የሚላክባት፣ እናት ቁልፍ አደራ የምትሰጥባት። ጉንዳኑስ ከቤታችንም አይጠፋ! ሆኖም ዳኞቹን ሙሉ በሙሉ ልነቅፋቸው አልደፍርም። የአጥሯ መስኮት ሌላ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ዘርግቶ ጎህ ሳይቀድ የጭነት መኪና የሚያስገባ የገበያ ማዕከል ሌላ ነው።

ከፍርዱ ይልቅ የሚገርመኝ ግን በዚያው ዘመን የተዘጋጀ አንድ የሕግ አርአያ ነው። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኸርበርት ሁቨር የንግድ ሚኒስትር ሳሉ፣ መሥሪያ ቤታቸው ክፍለ ግዛቶች እየቀዱ የሚያውጁትን ናሙና ሕግ አሳተመ። በናሙናው መሠረት የአንድ ቦታ አገልግሎት ሊለወጥ ሲታሰብ፣ ከጀርባው ወይም ከፊት ለፊቱ ካለው መሬት የ20 በመቶው ባለቤቶች ተቃውሟቸውን ፈርመው ካቀረቡ፣ ለውጡ የሚጸናው ከምክር ቤቱ አባላት ሦስት አራተኛው ሲደግፉት ብቻ ነው። ጎረቤትነት በሕግ ቁጥር ወጣለት ማለት ነው! ጥቂት ባለቤቶች በአንዲት ወረቀት ቀላሉን አብላጫ ድምፅ ከንቱ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ይሁንና ፈራሚው የመሬት ባለቤት ነው። ተከራዩ ዓመታት ቢኖርም፣ ልጆቹን እዚያው ቢያሳድግም፣ ስሙ ከቁጥር አይገባም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት በሆነበት በእኛ አገርማ ይህ ስሌት መነሻ ቁጥር እንኳ የለውም። ደግሞም አሳማውን ከእልፍኝ ያስወጡት ሰዘርላንድ፣ በዚያው ፍርዳቸው ብዙ ቤተሰብ የሚከራይበትን ሕንፃ በመኖሪያ ሰፈር ውበት ላይ የተጣበቀ ጥገኛ አድርገው ሥለውታል። እንግዲህ ከእልፍኙ የተባረረው ሱቁ ብቻ አልነበረም።

ይህን አስቀድመው ያዩት በታችኛው ፍርድ ቤት ለኩባንያው የፈረዱት ዳኛ ዌስተንሄቨር ነበሩ። የደንቡ ፍጻሜ ሕዝቡን በገቢው መለያየት ነው ብለው ጻፉ። ለድሃ የተቆረቆረ ሰው የጻፈው መስሎኝ ነበር፤ ግን በዚያው ጽሑፋቸው ውስጥ ጥቁሮችና አንዳንድ የውጭ ዘሮች ወደ አንድ ሰፈር ሲገቡ የቤት ዋጋ መውደቁ ማንም የሚያውቀው ነው የሚል አገኘሁ። በ1917 በሉዊቪል ከተማ ሰፈርን በቀለም የሚለየው ደንብ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈርሷል፤ ያ ከፈረሰ ይህም ይፍረስ ነው ክርክራቸው። እውነትን ከእንዲህ ያለ አንደበት መስማት ይጎመዝዛል። ሆኖም በገቢ ስለ መለያየት የተናገሩትን መካድ አልቻልኩም።

አምብለር የተከራከረበት መሬት ከፍርዱ በኋላ ብዙ ዓመት ባዶውን ከረመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ ተተከለበት፤ ከጦርነቱም በኋላ ጀነራል ሞተርስ የመኪና አካል ይሠራበት ነበር።