የግብር ደረሰኝ እና የመዝገብ ስም በካርቱም

«ባለቤቱ የመንግሥት ዕዳ አለበት፤ ዕዳውን ከፍላችሁ ቦታውን ውሰዱ» የሚል ወሬ በካርቱም ያልሰማ ነጋዴ ጥቂት ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ስለወጣ እንዲህ ያለው ወሬ ይበልጥ ጆሮ ያገኛል። ዕቁብ የደረሰው ሰው ደግሞ ርካሽ ሲባል ልቡ ይነሣል። እኛ ግን ከዋጋው በፊት የመሬቱን ታሪክ ማወቅ ይበጃል እንላለን፤ የካርቱም መሬት ነገር ከአገራችን ይዘነው እንደመጣነው ልማድ አይደለምና።

ይዘነው የመጣነው «ግብር የከፈለ ባለመሬት ነው» የሚለውን እምነት ነው። መሠረት የለውም አይባልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። በ1967 ዓ.ም. መሬት በአዋጅ ከግል እጅ ወጣ፤ ደረሰኝን እንደ ርስት የማየት ልማድ ግን አብሮ አልወጣም።

ደረሰኙ ሌላም ገጽ ነበረው። በንጉሡ ዘመን ባሌ ውስጥ ግብር ያልከፈለ ገበሬ መሬቱ እየተወረሰ ለሌላ ይሰጥ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተነሥቶ ለዓመታት የቆየውንና በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀውን አመፅ ካስነሡት በደሎች አንዱ ይህ ነው። አዲሱ ባለመሬት ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ የተነቀለው ሰው ግን እዚያው አካባቢ ነበር። ለግብር ዕዳ የቀረበ ቦታ ሁሉ ከጀርባው እንዲህ ያለ ሰው ሊኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ሱዳን እንመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ካርቱም በ1885 በማህዲ ሠራዊት ከተያዘች በኋላ መንግሥቱ ወደ ኦምዱርማን ተሻገረ፤ ከተማዋም ፈረሰች። እንግሊዞችና ግብፆች በ1898 አገሩን ሲይዙ መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ወዲያው መጣ። በ1899 የወጣው የመሬት ባለቤትነት ደንብ ጥያቄውን ከማቅረቡ በፊት ለ5 ዓመት ያለማቋረጥ ይዞ የቆየን ሰው ባለቤት አደረገው። በ1925 ደግሞ የመሬት ይዞታ ማጣሪያና ምዝገባ ሕግ መጣ። ከዚያ ወዲህ ወሳኙ የመዝገቡ ስም ሆነ።

ትልቁ መቁረጫ 1970 ነው። በኑሜሪ ዘመን የወጣው ያልተመዘገበ መሬት ሕግ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልተመዘገበን መሬት፣ ሰው ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ በመንግሥት ስም እንደተመዘገበ ቆጠረው። ሕጉ በ1984 በሌላ ቢተካም ይህ መሠረቱ ቀጠለ። ስለዚህ «አያቴ አርሶበታል» ወይም «ሃያ ዓመት ከፍዬበታለሁ» ማለት ያሳዝን ይሆናል እንጂ ለገዢ ዋስትና አይሆንም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ዴም እንኳ ይህን ያስተምራል። የአሮጌው ዴም ነዋሪዎች ኪራይ እየከፈሉ የሚኖሩት መንግሥት ሲፈልግ ሊያነሣቸው በሚችል ፈቃድ ነበር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ አዲሱ ዴም ተዛወሩ። መክፈላቸው የቆሙበትን መሬት የእነሱ አላደረገውም።

እንግዲህ ለዕዳ የቀረበ ቦታ ሲነገረን መጀመሪያ የምንጠይቀው የቂጥዓውንና የመረባውን ቁጥር ነው። በእሱ ከተስጂላት «ሸሃደት በህስ» ይወጣል። ስም፣ ስፋት፣ መያዣና እገዳ ያለው እዚያ ላይ ነው። የዐዋይድ ደረሰኝ አንድ ሰው እንደከፈለ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሻጩ ዓምና ያወጣውን ወረቀት ቢያሳየንም አዲስ እናስወጣለን፤ በዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ይጻፋል። እውነተኛ የሐራጅ ሽያጭ ከሆነም በፍርድ ቤት ወይም በመንግሥት ትእዛዝ የሚካሄድ ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ አያልቅም።

ቀጥሎ ቦታው ሙልክ ነው ወይስ ሂክር? ሂክር ከሆነ የሚሸጥልን የቀረው ዘመን ነው፤ መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ይቆያል። ስንት ዓመት ቀረው፣ የመሬት ኪራዩስ እስከ መቼ ተከፍሏል? ዋጋው የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው።

ሻጩ በተውኪል ከመጣ ደግሞ ውክልናውን የሰጠው ሰው ዛሬ የት እንዳለ እንጠይቃለን። ካይሮም ይሁን አዲስ አበባ ከሄደ፣ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ራሳችን ስልክ እንደውልለታለን።