ታዛቢ

«ታዘበ» ማለት በዐይን ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ያዩትን በልብ መዝግቦ፣ ለጊዜው ምንም ሳይናገሩ መመዘን ስለ ሆነ፣ «ታዘብሁህ» የተባለ ሰው ሳይሰደብ ያፍራል። ይህን ከባድ ስም ለምርጫ የሚላኩ የውጭ ልዑካን ተሸክመውታል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2017፣ በኬንያ የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ የካርተር ማዕከልና የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች፣ ሥራው ገና እንዳልተፈጸመ ቢያሳስቡም፣ የድምፅ አሰጣጡን ሥርዓት ባመሰገኑ ጊዜ፣ ምስጋናው በብዙዎች ጆሮ የውጤቱ ማኅተም ሆኖ ተሰማ፤ ውጤቱን ተቃውሞ አቤት ያለውም ወገን ሽንፈትን የማይቀበል ግትር መሰለ። ነገር ግን ሕመሙ በውጤቱ አተላለፍና 34ኤ እና 34ቢ በተባሉት የውጤት መመዝገቢያ ቅጾች ዘንድ ነበር፤ ከቅጾቹም ፊርማ ወይም የጥበቃ ምልክት የጎደላቸው ተገኙ። ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የመሩት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫውን በ4 ለ2 ድምፅ ሻረው።

የልዑካኑን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ችኮላቸውን ግን አጥብቄ እነቅፋለሁ፤ መዝገቡ ሳይዘጋ የሚሰጥ የእንግዳ ምስክርነት፣ በየጣቢያው ቆጠራውን ሲጠብቁ ያደሩትን የአገሩን ተወላጅ እማኞች ቃል ይሸፍናልና።