ከእንቁጣጣሽ ሥዕል እስከ ስቴንስል ካርድ

ልጆች ሳለን በጳጉሜ ቀናት ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ ነበር። ወንድሞቻችን ወረቀት ዘርግተው አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ይስላሉ፤ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እንለማመዳለን። መስከረም 1 ሲደርስ እነሱ ሥዕሉን ለጎረቤት እያደሉ ሳንቲም ይቀበላሉ፣ እኛም በዘፈናችን ሳንቲም ወይም ዳቦ እናገኛለን። ብዙዎቻችን ግን የወንድሞቻችንን አበባ ቀለም የቀባነው እኛው ነበርን። ድርሻችን የትም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። (ሂሳብ ሠራተኛ ስትጽፍ እንዲህ ነው፤ ይቅርታ።)

ማኅበራችን የእንቁጣጣሽ ካርድ መሥራት ሲጀምር "ስቴንስል" የሚለውን ቃል የሰሙ ታላላቆቻችን ሌላ ነገር ነው ትዝ ያላቸው፤ የትምህርት ቤት ፈተና ይባዛበት የነበረው ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት። የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፣ ቀለሙም በቀዳዳው አልፎ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ያርፋል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘበት የኤሌክትሪክ ብዕር እንዲሁ ወረቀት እየበሳ የሚጽፍ ነበር፤ የማባዣ ማሽን የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ጃፓኖች ደግሞ ከእሱ ብዙ ቀድመው የኪሞኖ ጨርቅ የሚያጌጡበትን ቅርጽ ከወረቀት ይቆርጡ ነበር፤ ወረቀቱን ደራርበው በፍሬ ጭማቂ ያጠነክሩት ነበር። እኛ የምንቆርጠው ከአሮጌ የራጅ ፊልም ነው። ዘዴው ያው ነው።

ክርክር የተነሳው በሐረግ ላይ ነው። ሐረግ በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌና ዳር ላይ የምናየው የተጠላለፈ ጌጥ ሲሆን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ላይ በብዛት ይገኛል፤ የሚሳለውም በእጅ ነው። አንዷ አባላችን ሐረጉን በቅርጽ ቆርጣ ስታመጣ ሌሎቻችን "ታዲያ ይሄ የእጅ ሥራ ይባላል ወይ? ለደጋፊዎቻችንስ ምን ብለን እንሸጣለን?" አልን። ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። በመጨረሻ ሰዓቱን አሰላነው፤ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሳለ ካርድ የሚያስገኘው ገንዘብ የሠሪዋን የታክሲ ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ሐረጉ በስቴንስል፣ አደይ አበባው በእጅ ሆነ፤ ይህንንም በካርዱ ጀርባ ጽፈናል።

አክሪሊክ ቀለም ከሁሉም አዲሱ ነው። በውኃ የሚቀጥነው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ በሚገኝ ፋብሪካ ሊኩይቴክስ በሚል ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ውኃው ሲተን የቀሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች ተያይዘው እንደ ስስ ላስቲክ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ውኃ አያስለቅቀውም። ሳይታጠብ ያደረ ብሩሽ ተጣለ ማለት ነው።

ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። ባለፈው ዓመት በጳጉሜ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ያልደረቁ ካርዶችን ደራርበን አሳደርን። ጠዋት ተጣብቀው ጠበቁን፤ ስንለያያቸው የአንዱ አበባ በሌላው ጀርባ ቀረ። ያዘዘን መሥሪያ ቤት አልረከብም አለ፤ አይፈረድበትም። ወረቀቱም ቀለሙም በወጪ ተመዘገበ፣ የእናቶቹ ድካም ግን የሚገባበት ዓምድ አጣንለት።

ዘንድሮ በሐምሌ ጀምረናል። እያንዳንዱ ካርድ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ስፖንጁም ቀለም ከነካ በኋላ መጀመሪያ ጨርቅ ላይ ይጠረጋል፣ ከበዛ በቅርጹ ሥር ሾልኮ ሐረጉን ያበላሸዋልና። የቀባችው አባል ስምና የካርዷ ብዛት በየማታው ይጻፋል።

አሮጌ የራጅ ፊልም ቤታችሁ ያላችሁ አምጡልን። በበረኪና ስናጥበው ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ የማንም ምስልም ሆነ ስም አይቀርበትም።