የመምረጥ ሥልጣንና ዋጋው

ለአንድ ሥራ ሰው መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ጎበዝ ጎበዙን ጠርቶ ማሰለፍ ነዋ! ነገር ግን ዐሥራ አንድ ጎበዞች በአንድ ሜዳ ስለ ቆሙ ብቻ ቡድን አይሆኑም። ይህን ለመረዳት የእንግሊዝን የእግር ኳስ ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ለብዙ ዘመን የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች የሚመርጠው አሠልጣኙ ሳይሆን አንድ ኮሚቴ ነበር። ምርጫው የሌሎች፣ የሽንፈቱ ወቀሳ ግን የአሠልጣኙ ነበር ማለት ነው። አልፍ ራምዚ በ1963 ሥራውን ሲይዝ ምርጫው ለእርሱ ብቻ እንዲሆን ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም።

ይህ ሰው በተጫዋችነቱ ዘመን፣ በ1953፣ ሀንጋሪ እንግሊዝን በዌምብሌይ ሜዳ 6 ለ 3 ስታሸንፍ ከተሸናፊዎቹ ተከላካዮች አንዱ ነበር። የሀንጋሪው ሂደግኩቲ የመካከል አጥቂ ቁጥር ለብሶ ሳለ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ቢጫወት፣ የሚጠብቀው ሰው ልከተለው ወይስ ቦታዬን ልያዝ በማለት ግራ ተጋባ። ሂደግኩቲም ሦስት ግብ አገባ። በጀርባው የተጻፈው ቁጥር ሌላ፣ ሥራው ሌላ ነበር።

በ1966 የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ ሲደረግ ራምዚ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ሦስት የክንፍ ተጫዋቾችን በየተራ ሞከረ። ከኡራጓይ ጋር ያለ ግብ ተለያየ፤ ሜክሲኮንና ፈረንሳይን 2 ለ 0 አሸነፈ። የሚያሸንፍን ቡድን ለምን ይለውጣል የሚል አይጠፋም። እርሱ ግን ከአርጀንቲና ጋር ሲገናኝ የክንፍ ተጫዋቾቹን ትቶ፣ እንደ አላን ቦልና እንደ ማርቲን ፒተርስ ያሉትን፣ ለማጥቃትም ለመከላከልም የማይታክቱትን አሰለፈ። 1 ለ 0 አሸነፈ።

ከሁሉ የከበደው ምርጫ ግን የጂሚ ግሪቭስ ነገር ነው። ግሪቭስ በዘመኑ ሁሉ ለአገሩ 57 ጊዜ ተሰልፎ 44 ግብ ያገባ ስመ ጥር አጥቂ ነው። ከፈረንሳይ ጋር ሲጫወት ቅልጥሙ ቆስሎ ተሰፋ። በአርጀንቲና ላይ ብቸኛዋን ግብ ያገባው በእርሱ ቦታ የገባው ጄፍ ኸርስት ነበር። ለፍጻሜው ጨዋታ የግሪቭስ ቁስል ድኖ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ተጫዋች መቀየር አይፈቀድም ነበርና ምርጫው መመለሻ አልነበረውም። ራምዚ ኸርስትን አሰለፈ።

እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ኸርስት ብቻውን ሦስት አገባ፤ አንዷ መስመር ማለፏ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንባቢ ሆይ፣ ውጤቱን አይቶ መፍረድ ቀላል ነው። ኸርስት ባያገባ ኖሮ ራምዚ ምን ይባል ነበር? እኔ ግን ምርጫውን የምመዝነው በዚያ ቀን ጧት በሚያውቀው ነገር ነው። እርስ በርሱ የተስማማ ቡድን በእጁ ነበረ፤ ለስም ሲል ሊያፈርሰው አልወደደም።

ግሪቭስ አልሰነፈም፣ በደልም አልሠራም። ጓደኞቹ ዋንጫውን ሲያነሡ እርሱ ከዳር ቆሞ አየ። ሜዳልያ የተሰጠውም በሜዳ ለተሰለፉት ለዐሥራ አንዱ ብቻ ነበር። የግሪቭስ ሜዳልያ እጁ የገባው በ2009፣ ከ43 ዓመት በኋላ ነው።