ቴትሪስ፦ ከሞስኮ እስከ ድንገተኛ ክፍል

ዛሬም ልንጫወተው የሚገባ አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ቴትሪስ እላችኋለሁ። ምክንያቴ ደግሞ የሐኪም ነው።

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል፣ ሞስኮ፣ ይሠራ የነበረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው። ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ማሽኑ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ሠራቸው። ሰባት ቅርጽ፣ እያንዳንዱ አራት ካሬ፤ በቃ! በ1989 በኔንቲዶው ጌም ቦይ ላይ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ፈጣሪው ግን ከሽያጩ ድርሻ ማግኘት የጀመረው በ1996 ነው።

ለኛ ለሐኪሞች ዋናው ታሪክ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2000 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አዲስ ነገር መያዝ የማይችሉ አምስት የመርሳት ሕሙማንን ቴትሪስ አጫወቱ። ሕሙማኑ መጫወታቸውን ረሱት፤ ሦስቱ ግን እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱ ጡቦች ታዩአቸው።

በ2017 ደግሞ ኦክስፎርድ ውስጥ ከመኪና አደጋ በኋላ ድንገተኛ ክፍል በገቡ 71 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ ክስተቱን ጥቂት አስታውሰው ቴትሪስ የተጫወቱት፣ በቀጣዩ ሳምንት ሳይፈልጉት የሚመጣባቸው የአደጋው ምስል ካልተጫወቱት ያነሰ ነበር። የተመራማሪዎቹ ሐሳብ፣ ትዝታው ገና ሳይረጋ ጨዋታው ያንኑ የምስል ቦታ ይሻማበታል የሚል ነው።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መድኃኒት ተገኘ አልልም። ግን ድንገተኛ ክፍል የሠራን ሁላችን እናውቀዋለን፦ ስብራቱን እናስራለን፣ ቁስሉን እንሰፋለን፤ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ግን መኪናው ይመጣበታል። ለዚህኛው ሕመም የምንሰጠው ብዙ የለንም። የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ለተማሪዎቻችሁ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ይመስለኛል።